ከዘፈኑ ጀርባ ያለው ሰው፦ የሙላቱ አስታጥቄ የሙዚቃ ጉዞ

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። ሙዚቃ አልተማርኩም፤ ከክራርም ከፒያኖም ጋር ያለኝ ዝምድና የአድማጭነት ብቻ ነው። «ታዲያ ስለ ሙዚቃ ለመጻፍ ምን አገባህ?» የሚለኝ ቢኖር አልፈርድበትም። እስቲ በቅድሚያ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ላጫውታችሁ።

ባለፈው የገና ሰሞን አንድ ቅዳሜ ማታ እቤታችን እንግዶች ነበሩ። እራት ተበልቶ ቡናው እስኪፈላ ድረስ የጥላሁን ገሠሠን የድሮ ዘፈኖች ከፈትኩና ሁላችንም በየሐሳባችን ጭልጥ አልን። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው የ16 ዓመት ልጄ በትምህርት ቤቷ ባንድ ውስጥ ክላርኔት ትጫወታለች። አጠገቤ መጥታ «አባዬ፣ ይሄን ሙዚቃ የሠራው ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጥላሁን ነዋ!» አልኳት። «ዘፋኙን አይደለም። ለሳክስፎኖቹና ለትራምፔቶቹ የሚነፉትን የጻፈላቸው ማነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወደ እንግዶቻችን ዞርኩ። ሁለቱ የዶክትሬት ዲግሪ ያላቸው፣ አንዱ ደግሞ የድሮ ዘፈን ሲነሳ ከማን ጋር እንደተዘፈነና በየትኛው ዓመት እንደወጣ ሳይቀር የሚዘረዝር ሰው ነው። ሁሉም ዝም አሉ። የዘፋኙን የሕይወት ታሪክ ከነገጠመኙ የምናወራ ሰዎች፣ ያን ሁሉ መሣሪያ በአንድ ላይ ያስተባበረውን ሰው ስም አናውቅም።

ነገሩ በሙያዬ ለእኔ አዲስ አይደለም። ድልድይ ሲመረቅ ሪባን የቆረጠው ባለሥልጣን ፎቶው ይወጣል፤ ስሌቱን የሠራው መሐንዲስ ግን ስሙ የሚነሳው ድልድዩ የተሰነጠቀ ዕለት ነው። በደህና ቀን ማንም አያስታውሰውም። ከዚያ ምሽት ወዲህ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ስለ ሙዚቃ አቀናባሪዎቻችን ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብና ሳዳምጥ ከረምኩ። ዛሬ ስለ አንዱ ላወጋችሁ ነው፤ ስለ ሙላቱ አስታጥቄ። የመረጥኳቸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከአቀናባሪዎቻችን መካከል ከዘፋኞቹ ጀርባ ወጥተው በራሳቸው ስም ዓለም ያወቃቸው እሳቸው ናቸው። ሁለተኛውን ምክንያት ወደፊት ታዩታላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አቀናባሪ ምን ይሠራል?

ገጣሚው ግጥሙን ይጽፋል፣ የዜማ ደራሲው ዜማውን ያወጣል፣ ዘፋኙ ያዜመዋል። በእነዚህ ሦስቱ ብቻ አንድ ዘፈን ሊቆም ይችላል፤ አዝማሪው በአንድ ማሲንቆ ሦስቱንም ሆኖ ሲሠራ ኖሯል። አሥራ አምስት ሰው ያለበት ኦርኬስትራ ሲመጣ ግን ሌላ ሥራ ይፈጠራል። ቤዙ ምን ይምታ? ትራምፔቱ መቼ ይግባ፣ መቼስ ዝም ይበል? ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ክፍተቱን ማን ይሙላው? መግቢያው ስንት ምት ይርዘም? ይህን ሁሉ የሚወስነው አቀናባሪው ነው። አንድ ዘፈን ገና ሲጀምር፣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት፣ «ይሄ እኮ እገሌ ነው!» የምንለው በአቀናባሪው ሥራ ነው።

ይህ ሙያ በአገራችን ረዘም ያለ ታሪክ አለው። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡትን አርባ የአርመን ልጆች ያስተማሩት ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከእሳቸውም በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ የደከሙት የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ለኢትዮጵያ ዜማ የኦርኬስትራ ቅንብር መንገድ ጠርገዋል። የክብር ዘበኛው ሣህሌ ደጋጎ፣ ፒያኒስቱ ግርማ በየነ፣ ለማ ደምሰውም በዚሁ መስመር የሚጠሩ ናቸው። ዛሬ በሠርጋችን ላይ የምንጨፍርባቸውን ስንቱን ዘፈኖች ያቀናበሩት እነዚህና መሰሎቻቸው ናቸው። ሙላቱ አስታጥቄም የመጡት ባዶ ሜዳ ላይ አልነበረም።

ከጅማ እስከ ቦስተን

ሙላቱ አስታጥቄ በታኅሣሥ 1943 በጅማ ተወለዱ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ገና በጉርምስና ዕድሜ ሳሉ ቤተሰቦቻቸው ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ላኳቸው። በሰሜን ዌልስ በሬክሳም ከተማ አቅራቢያ ሊንዲስፋርን ኮሌጅ የሚባል ትምህርት ቤት ገቡ። የተላኩትስ ምን ሊማሩ ይመስላችኋል? ምህንድስና! ሁለተኛው ምክንያቴ ይኸው ነው። በዚያ ዘመን ልጁን ባሕር ማዶ የላከ ቤተሰብ ሁሉ የሚጠብቀው መሐንዲስ ወይም ሐኪም ሆኖ እንዲመለስለት ነበር። በእኔም ዘመን አልተለወጠም፤ አባቴ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሲሸኘኝ የነገረኝ ያንኑ ነው።

በዚያ ትምህርት ቤት ግን ሙዚቃ እንደ ሌላው ትምህርት በወጉ ይሰጥ ነበርና ወጣቱ ሙላቱ ዝንባሌያቸውን አገኙ። ከዚያ ወደ ለንደን ሄደው በትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማሩ፤ በከተማውም የጃዝ ቤቶች ከካሪቢያንና ከአፍሪካ ከመጡ ሙዚቀኞች ጋር ተጫወቱ። ቀጥለው ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የገቡ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆኑ። ዋና መሣሪያቸው ያደረጉት ቫይብራፎንን ነው።

ቫይብራፎን ለማታውቁት፦ እንደ ፒያኖ ቁልፎች የተደረደሩ የአሉሚኒየም ዘንጎች አሉት፤ ጫፉ በክር በተጠቀለለ በትር ይመታሉ። ከየዘንጉ ሥር ድምፁን የሚያጎላ ቱቦ ይንጠለጠላል። በቱቦዎቹ አፍ ላይ በትንሽ ሞተር የሚሽከረከሩ ክብ ቆርቆሮዎች አሉ፤ እነሱ ቱቦውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ድምፁ ይርገበገባል። በእግር የሚረገጥ ፔዳልም አለው፤ ሲረገጥ ድምፁ ይዘገያል፣ ሲለቀቅ ይቆረጣል። ሞተር ያለው የሙዚቃ መሣሪያ መምረጣቸው ለምህንድስና የተላከ ልጅ ሥራ ነው ብዬ ለብቻዬ ፈገግ ብያለሁ።

በ1966 በኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት ሸክላዎች «ኢትዮጵያን ኩዊንቴት» በሚል ስም አሳተሙ። ስሙ ይሁን እንጂ ተጫዋቾቹ በአብዛኛው የላቲን ሙዚቃ ሰዎች ነበሩ። በዚህ ሥራ የላቲን ምትና የኢትዮጵያ ዜማ ገና ሲተዋወቁ ይሰማል። በኋላ «ኢትዮ ጃዝ» ብለው የሰየሙት የሙዚቃ ዓይነት መነሻው ይህ የኒው ዮርክ ዘመን ነው። እንደ እኛው ስደት ላይ ሳሉ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

የአምስቱና የአሥራ ሁለቱ ጣጣ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ትንሽ ታገሡኝ። የእኛ ዜማ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች የተመሠረተ ሲሆን እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት። የምዕራቡ ሙዚቃ ደግሞ አሥራ ሁለት ድምፆችን ይጠቀማል። «አምስቱ ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ ስላሉ ችግሩ ምንድን ነው?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ ልጄ በፒያኖ እስክታሳየኝ ድረስ።

የትዝታን ሜጀር ቅኝት እንውሰድ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። «ፋ» እና «ሲ» የሉበትም። የምዕራቡ ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በሦስት ኮርዶች ላይ ነው። የመጀመሪያው ዶ፣ ሚ፣ ሶል ነው፤ ከትዝታ ጋር ይስማማል። ሁለተኛው ፋ፣ ላ፣ ዶ ሲሆን የሌለውን «ፋ» ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው ሶል፣ ሲ፣ ሬ ሲሆን የሌለውን «ሲ» ያስገባል። አቀናባሪው ሳያስብ ሦስቱንም ቢደረድራቸው ቅኝቱ ሆን ብሎ የተዋቸው ሁለት ድምፆች በጓሮ በር ይገባሉ፤ ትዝታውም ትዝታነቱ ቀርቶ ተራ የፈረንጅ ዘፈን ይሆናል። አንቺ ሆዬ ደግሞ ይብሳል፦ ዶ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ። እዚህ ውስጥ «ሚ»ም ሙሉው «ሶል»ም የሉም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ኮርድ እንኳ አይገኝም። ቤቱ ሳይሠራ መሠረቱ ጠፋ ማለት ነው።

ሙላቱ አስታጥቄ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት ጥያቄ ይህ ነው። በየቃለ መጠይቁ እንደሚያስረዱት፣ አምስቱን ድምፅ ከአሥራ ሁለቱ ጋር ሲያዋህዱ የቅኝቱ ቀለም እንዳይጠፋ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። እንዴት እንዳደረጉት ለመስማት «የከርሞ ሰው» የተሰኘውን ሥራቸውን ክፈቱና ከታች ወደ ላይ አዳምጡ። ከሥር ቤዙ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ እየተመላለሰ ይሄዳል፤ ብዙ ኮርድ አይቀያየርም። ከላይ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ዜማውን ይዘው ይገባሉ። መሬቱ ጸንቶ ስለሚቆይ ዜማው በቅኝቱ ውስጥ እንደ ልቡ ይመላለሳል። እኛ መሐንዲሶች ሸክም የማይፈልግበት ቦታ ላይ ምሰሶ አናቆምም፤ እሳቸውም ቅኝቱ በማይፈልገው ቦታ ላይ ኮርድ አላቆሙም።

አዲስ አበባ

በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘውት የመጡትን ድምፅ ሁሉም በእልልታ አልተቀበለውም፤ ሙዚቃችንን አበላሸው የሚልም ነበር። ደግነቱ ዘመኑ የለውጥ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የተባለ የሸክላ ነጋዴ ወጣት በ1969 ይህን ደፍሮ ጥሶ «አምሃ ሬኮርድስ»ን አቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራው የዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ነበር። ሸክላዎቹ ታትመው የሚመጡት ከውጭ አገር ነበር።

ሙላቱ አስታጥቄ ከዚህ አሳታሚ ጋር ሲሠሩ ሙዚቀኛም፣ አቀናባሪም፣ የባንድ መሪም ነበሩ። ለማህሙድ አሕመድና ለሌሎች ድምፃውያን አቀናበሩ፤ ከዚያም ጎን ለጎን ዘፋኝ የሌለባቸውን የራሳቸውን ሥራዎች አወጡ። «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» በ1972 በኒው ዮርክ፣ «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» በ1974 በአምሃ ሬኮርድስ ታተሙ። በ1973 ዱክ ኤሊንግተን ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ ሲመጣ ሙላቱ አብረውት በልዩ እንግድነት ተጫውተዋል።

ሙዚቃ ያለ ዘፋኝ ሸክላ ላይ ማውጣት በዚያን ጊዜ ቀላል ድፍረት አልነበረም። የእኛ ሰው ቃል ይወዳል፤ ሰምና ወርቁን ይፈልጋል። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ለብዙ ሰው የዜና ማጀቢያ ነው። እሳቸው ግን ዘፋኙን ዞር አድርገው፣ ጀርባ የነበረውን ሥራ ፊት አመጡት።

የሰዓት እላፊው ዘመን

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የምሽት ሙዚቃ ቤቶች ተዳከሙ። አምሃ እሸቴ በ1975 አገሩን ጥሎ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ማሳተሚያውም ቆመ። ሙላቱ ግን በአገራቸው ቆዩ፤ በ1977 የዋልያስ ባንድ «ጨ በለው» የተባለውን ሸክላ ሲያሳትም ቫይብራፎን የተጫወቱት እሳቸው ናቸው።

የዋልያስ ሰዎች በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄደው ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ። ከቀሩት መካከል አኮርዲዮንና ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል፤ ኪቦርዱን ግን ከመኪናው አልለየም፤ ሰው እስኪመጣ እየጠበቀ ይለማመድ ነበር። የድሮ ሥራው በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ ተመለሰ። ግርማ በየነም በዚያው ቀርቶ ለብዙ ዓመታት ከመድረክ ርቋል፤ ወደ አገሩ ተመልሶ አዲስ አልበም ያወጣው በ2017 ነው። በእነዚህ ዓመታት ዋሽንግተን የነበራችሁ አንባብያን፣ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣችሁ የምትወዱትን ዘፈን ስታንጎራጉሩ፣ መሪውን የያዘው ሙዚቃውን የሠራው ሰው ሊሆን ይችል እንደነበር አስቡት።

ዓለም ሲያውቃቸው

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የድሮ ሸክላዎቻችንን «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ ማሳተም ጀመረ። አራተኛው ቅጽ በ1998 የወጣ ሲሆን ከ1969 እስከ 1974 የተሠሩትን የሙላቱን ሥራዎች የያዘ ነው። በ2005 ደግሞ አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ እነዚህኑ ሙዚቃዎች ተጠቀመባቸው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል ግራንድ ፕሪ ተሸለመ።

እዚህ ላይ የራሴን ኃፍረት ልናዘዝ። በዚያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ፣ የአገሩ ልጅ፣ ፊልሙን አይቶ ሲዲውን ገዝቶ ኖሮ «ይሄ የአገርህ ሰው አይደለም እንዴ?» ብሎ የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኝ። ሰማሁት። አውቀዋለሁ! ልጅ ሆኜ ከሬዲዮ ስሰማው ያደግኩት ነው። የማን እንደሆነ ግን በዚያን ቀን ከፈረንጅ ተማርኩ። ከእኔ ጋር የሚመሳሰሉ ብዙ እንደሆንን እገምታለሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ጎረፈ። በ2009 ከለንደኖቹ ሄሊዮሴንትሪክስ ጋር አንድ አልበም፣ በ2010 «ሙላቱ ስቴፕስ አሄድ»፣ በ2013 «ስኬችስ ኦቭ ኢትዮጵያ» ወጡ። በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ «የግሌ ትዝታ»ን ቆርጠው ለአንድ ዘፈናቸው መሠረት አደረጉት። በ2012 በርክሊ ኮሌጅ ለቀድሞ ተማሪው የክብር ዶክትሬት ሰጠ። በ2025፣ ሰማንያን ካለፉ በኋላ፣ የድሮ ሥራዎቻቸውን እንደገና ያቀናበሩበትን «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» አወጡ።

ክራሩና መሐንዲሱ

ከሁሉ በላይ የገረመኝን ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ። በ2007 እና 2008 ሙላቱ አስታጥቄ በሃርቫርድ የራድክሊፍ ተቋም ተመራማሪ ነበሩ። የያዙት ሥራ ባህላዊ መሣሪያዎቻችንን ማሻሻል ሲሆን የጀመሩትም በክራር ነበር። በኋላም በኤም አይ ቲ ተጋብዘው በዚሁ ሐሳብ ላይ ሠርተዋል።

የክራር ችግር ምን እንደሆነ አስቡት። ስድስት ክር አለው፤ አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ናቸው፣ ስድስተኛው ከአምስቱ አንዱን በላይኛው እርከን ይደግማል። ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሄድ ክሮቹን እንደገና መቃኘት ግድ ነው። በአንድ ዘፈን መካከል ቅኝት መቀየር፣ ከአሥራ ሁለት ድምፅ ፒያኖ ጋር እኩል መሄድ አይቻልም። ክሩን ብትጨምሩ ደግሞ የክራሩ ጠባይ ይለወጣል። ይህ እንግዲህ የለየለት የምህንድስና ጥያቄ ነው! ለምህንድስና ተልከው በሙዚቃ የቀሩት ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሌላ በር ተመልሰው ገቡበት።

አሻሽላለሁ ይበሉ እንጂ የጥንቱን አይንቁም። በደቡብ ያሉት የደራሼ ሰዎች በቀርከሃ የትንፋሽ መሣሪያዎቻቸው የሚያወጡት የድምፅ ስልት፣ የምዕራቡ ሊቃውንት እንደ ግኝት ከሚኮሩበት ጋር አንድ ነው ይላሉ፤ እነዚያን ሰዎችም «ሳይንቲስቶች» ብለው ነው የሚጠሯቸው። የቅዱስ ያሬድ መቋሚያም የሙዚቃ መሪ በትር ነበር ብለው ያምናሉ፤ ከዚህ ተነሥተው በያሬድ ስም ኦፔራ ጀምረዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ልጄ ባለፈው ወር ሁለተኛ ጥያቄ አመጣችብኝ። ኮሌጅ ስትገባ ሙዚቃ መማር ትፈልጋለች። እኔ የአባቴ ልጅ ነኝና አፌ ላይ የመጣልኝ «በመጀመሪያ የሚያበላሽን ተማሪ» የሚል ነበር። ከዚያ የሙላቱ ታሪክ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። ሙላቱን ማስረጃ አድርጎ «እሺ» ማለትም ተገቢ አይመስለኝም። ስማቸው የወጣ አንድ ሰው ካለ፣ ስማቸው ያልወጣ ደግሞ ታክሲ የነዱ፣ በዕድሜያቸው ማምሻም ያልተዘመረላቸው አሉ። እስካሁን እሺም እምቢም አላልኳትም። ምናልባት ከእናንተ መካከል ይህ የደረሰበት ካለ ይምከረኝ።

በአንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ። የሙያው ዋጋ የሚታወቀው የባለሙያው ስም ሲጻፍ ነው። በየቤታችን፣ በየምድር ቤቱ ካርቶን ውስጥ፣ ከአገር ስንወጣ ይዘናቸው የመጣናቸው ሸክላዎችና ካሴቶች አሉ። አውጧቸውና ሽፋናቸውን አንብቡ፤ «ቅንብር» የሚል ቃል ካገኛችሁ ከጎኑ ያለውን ስም በማስታወሻ ያዙ። ካልተጻፈም የሚያውቁት አንጋፋ ሙዚቀኞች በአካባቢያችሁ አይጠፉም፤ ሳያልፉ ጠይቋቸውና ጻፉት። አምሃ እሸቴ በ2021 ሲያርፍ ከእሱ ጋር ስንት ያልተጻፈ ነገር እንደሄደ እግዜር ይወቀው።

የዚያን ምሽቱን ዘፈን ማን እንዳቀናበረው እስካሁን እየፈለግኩ ነው። ሳገኘው መጀመሪያ የምነግረው ለልጄ ነው፤ ቀጥሎ ለእናንተ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።